ጠፍሩ ለዘበ፣ ዘለበቱ አረንጓዴ አወጣ፦ ስምንት ወር ከኒትስፉት ዘይት ጋር

ኒትስፉት የሚባለው የቆዳ ማለዘቢያ ዘይት ጠርሙሱ ላይ «ለማንኛውም ቆዳ» ይላል። ስለ ዘለበት ግን አንዲት ቃል የለም። የምሬቴም ምክንያት ቆዳው ሳይሆን ቆዳው የታሰረበት ነሐስ ነው።

ዘይቱ የተቀባው ፎርድ ሞዴል ቲ (ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተመረተው) ባለ ሸራ ጣሪያ መኪና የቆዳ ጠፍሮች ላይ ነው። የፊት ጠፍሮች ጣሪያውን ወደፊት ወጥረው ይይዛሉ፤ የኋላዎቹ ሸራው ሲታጠፍ የጣሪያው ቀስቶች (ሸራውን የሚሸከሙት ቆልማማ ዘንጎች) እርስ በርስ እንዳይጋጩ ያስሯቸዋል። ዘይቱ ከከብት ቅልጥምና የእግር አጥንት የሚወጣ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ነው። «ኮምፓውንድ» የሚል ከተጻፈበት የማዕድን ዘይት ተጨምሮበታል ማለት ነውና እሱን አልገዛሁም።

ማለዘቡን አልክድም። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጠፍር 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። መጀመሪያ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፣ ከዚያ ሻካራው ጀርባ በጨርቅ ይቀባል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል። በሦስተኛው ቀን እንደ እንጨት የነበረው ጠፍር በእጅ ይጎብጣል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አመስግኜ ዝም እል ነበር።

በሦስተኛው ወር ግን ዘለበቶቹ ሥር ሰም የመሰለ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ነሐሱ ውስጥ መዳብ አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ያሉት የስብ አሲዶች ከመዳቡ ጋር ተዋህደው የመዳብ ሳሙና ይሠራሉ። እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። በመዳብ ሪቬቶቹ (ቆዳውን በሚያያይዙት ባለ ጠፍጣፋ ራስ ምስማሮች) አናትና በዘለበቱ ምላስ ዙሪያ ያለው ቢያንስ ይታያል። ክፉው ጠፍሩ ዘለበቱን ጠምጥሞ በሚታጠፍበት ቦታ ተደብቆ የሚጠራቀመው ነው፤ ቆዳውን ከውስጥ ገፍቶ ስፌቱን ይወጥራል፣ ቀለሙም ቆዳው ውስጥ ከገባ አይለቅም። ሻጭ ቢጠየቅ «የዕድሜ ነገር ነው፣ ነሐስ ሁሉ ያረጃል» ማለቱ አይቀርም። አይደለም ጌታዬ! ሳይቀባ የቀረው አንዱ ጠፍር እዚያው መኪና ላይ፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ዘለበቱ ቡናማ እንደሆነ አለ።

ማጽጃው ቀላል ግን አሰልቺ ነው። በስቴኪኒ ወይም በቀጭን እንጨት ይፋቃል፤ ቢላዋና የሽቦ ብሩሽ ነሐሱንም ቆዳውንም ይቧጭራሉ። የቀረው በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል፣ ያውም ብረቱ ላይ ብቻ፤ አልኮል ቆዳውን ከነካ ቀለሙን ያነሳል። ሲደርቅ ብረቱ በስሱ ሰም ይቀባል፣ በዘለበቱና በጠፍሩ እጥፋት መካከልም ቀጭን የፖሊስተር ፕላስቲክ ቁራጭ ይገባል። ከዚህ ወዲህ ከየትኛውም ዘለበትና ሪቬት 2 ሴንቲ ሜትር ርቄ ነው የምቀባው። ይህን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ስንት ያስከፍል ነበር?

ሸራውም አልተረፈም። ትርፍ ዘይት ከጠፍሩ ወደ ሸራው ይሻገርና ጥላ የመሰለ ጥቁር ክብ ይሠራል፤ አቧራ ይጠራቀምበታል፣ ውኃ መከላከያ ሲቀባም ያ ቦታ አይቀበልም። ጠፍሩ የሚፈታ ከሆነ ፈትቶ መቀባት፣ ሦስት ቀን ሰቅሎ ላዩን ጠርጎ መመለስ ነው። በሪቬት ከሸራው ጋር ከተያዘ ከሥሩ አሉሚኒየም ፎይል ይነጠፋል።

«ለሞተ ቆዳ ሕይወት ይመልሳል» የሚለውን ደግሞ ተዉት። ሲነካ ጣት ላይ ቀይ ዱቄት የሚተው ጠፍር ጭረቶቹ (የቆዳው ቃጫዎች) በአሲድ ተበልተዋል። ዘይት ጭረቶቹ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል እንጂ የተበጠሰውን አይቀጥልም፤ እንዲህ ያለው ቆዳ ሲቀባ ይጠቁራል፣ ይከብዳል፣ ስንጥቁ ላይ ይበጠሳል። የቅርስ ጠጋኞች ለዚህ ክሉሰል ጂ የሚባል፣ ከሴሉሎስ የሚሠራ ማያያዣ በአልኮል አሟሟተው ይቀባሉ፤ እሱም ዱቄቱን ያስይዛል እንጂ ጥንካሬ አይሰጥም። ስለዚህ የፊት ጠፍሮች፣ ነፋስ የሚታገላቸው እነሱ ስለሆኑ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ በዕፅዋት በለፋ አዲስ ቆዳ ቢቀየሩ ይሻላል። ከጉዞ መሐል አንዱ ቢበጠስ ጣሪያው ወደ ኋላ ይወረወራል። አሮጌዎቹን የኋላዎቹ ላይ ማቆየት ይቻላል።

ዘይቱ ውድ ነው ብሎ ወደ ማዕድ ቤት የሚያይም አይጠፋም። የተልባና የኑግ ዘይት አየር ሲያገኛቸው እየተጣበቁ ሙጫ ይሆናሉ፤ ጠፍሩ ከመጀመሪያው ይብስ ይደርቃል። ቅቤ አገልግልና ጠፍር ሲያለዝብ የኖረ መሆኑ እውነት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ሲከርም ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። የኮርቻ ሳሙናም አይረዳም፤ አልካሊ ነው፣ በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ደግሞ አሲዳማ ነው።

እንደገና እገዛዋለሁ? ዘለበት ላለው ነገር አልገዛም። ከጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ቀርቷል፤ በክር ለሚታሰር ጫማ ይሁን።