ባትሪዬ ሞቶ የገዛኋት ኮድ ማንበቢያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህችን የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ የመኪናን የብልሽት ኮድ የምታነብ ዕቃ የገዛኋት ተናድጄ ነው። ባትሪዬ ሞቶ አደረ። በኬብል ከጎረቤት መኪና አስነሳሁት። ሞተሩ ተነሳ፣ ዳሽቦርዱም አብሮ ቦግ አለ፦ ቼክ ኢንጅን፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የመሪ መብራት። በአንድ ሌሊት ሦስት ብልሽት?

ኦቢዲ2 የሚባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ከመሪው በታች ይገኛል። እዚያ ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች። ያወጣችልኝ ኮድ ፒ0562 ነበር፤ ቮልቴጅ አንሷል ማለት ነው። የመኪናው ኮምፒውተሮች ኃይል ሲያንሳቸው እርስ በርስ መስማማት ያቅታቸውና ያልተበላሸውን ሁሉ ተበላሸ ይላሉ። ኮዱን ጽፌ ያዝኩና አጠፋሁት። አልተመለሰም።

የመሪው መብራት ግን ከእሷ አቅም በላይ ነበር። ኃይል ሲቋረጥ የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ መሃሉን ሊረሳ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ እስከ ቀኝ ጥግ አዙሬ ትንሽ ስነዳ ጠፋ። በሁሉም መኪና አይሠራም፤ አንዳንዱ በጋራዥ መሣሪያ መስተካከል አለበት። ኤቢኤሱ በማግስቱ በራሱ ጠፋ። ባይጠፋ ኖሮ ጉድ ነበር፣ ምክንያቱም የእኔዋ የሞተር ኮድ እንጂ የኤቢኤስና የኤርባግ አታነብም። ማሸጊያው ላይ ይህ አልተጻፈም። ኤርባግ ቢበራ በእሷ አልሞክረውም፣ ቀጥታ ጋራዥ ነው።

ከኮዱ ይልቅ የጠቀመችኝ ቮልቴጅ በማሳየቷ ነው። ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ሞተር ሲሠራ ከ13.7 እስከ 14.7 ከሆነ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና ነው። በሦስተኛው ወር ጠዋት ጠዋት 12.1 ማየት ጀመርኩ፣ ሞተር ሲነሳ ግን 14.2። ዲናሞውን ተውኩት፣ ባትሪውን ቀየርኩ። ከመልቲሜትር (ቮልቴጅ መለኪያ) ጋር ሳስተያያት 0.2 ያህል ዝቅ አድርጋ ታነባለች፤ እሱን እየጨመርኩ ነው የማሰላው።

አንድ ቀን ግን ጉድ ሠራችኝ። ተሰክታ እንዳለች ሁለት ሳምንት መኪናውን አቆምኩት። ሶኬቱ ላይ 16ኛው ፒን ቁልፍ ቢዘጋም ከባትሪው ኃይል ያገኛል። ስመለስ አዲሱ ባትሪ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ማዞር አቅቶት ጠበቀኝ። ባትሪ ልትጠብቅልኝ የገዛኋት ዕቃ! አሁን አንብቤ ስጨርስ እነቅላታለሁ።

ሌላ ነገር፦ ኮድ ስታጠፉ መኪናው የሠራቸው የራስ ፍተሻዎችም አብረው ይሰረዛሉ። ቴክኒክ ምርመራ ሊደርስ ሲል አታጥፉ፣ ወይም መኪናው ፍተሻዎቹን እንደገና እንዲጨርስ ከዚያ በፊት የተወሰኑ ቀናት ንዱ።