የባለቤቴን የዘር ሐረግ ላወጣችልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። በተለይ በስኮትላንድና በእንግሊዝ የምትኖሩ፣ ከዚህ አገር ሰው ጋር ትዳር የመሠረታችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ኤድንብራ የምትኖር አንዲት የዘር ሐረግ አጥኚ ለቤተሰባችን የሠራችውን ሥራ ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። እናንተንም ትጠቅማለች ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ያነሱት ልጆቼ ናቸው። በእኔ በኩል አባቴ በስልክ ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያታቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ግላስጎው ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከዘመዶቹ የሚሰማው «ከሰሜን ነው የመጣነው» የሚል ብቻ ነበር። አማቴ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከአንድ ሻጭ የገዙት «የቤተሰብ ዓርማ» በመስታወት ተሰቅሎ ሳሎናቸው አለ። አብሮት የመጣው ወረቀት ዘራቸውን ከንጉሥ ያገናኛል፤ አንድም ማስረጃ ግን አልተያያዘበትም።

ባለሙያዋ ወረቀቱን አይታ በትሕትና ወደ ጎን አደረገችው። በስኮትላንድ ሕግ ዓርማ ለአንድ ሰው በስሙ የሚሰጥ ነው፤ ጉዳዩንም የሚመራው ሎርድ ላየን የሚባል ባለሥልጣን ነው። አንድ የአባት ስም ያለው ሁሉ የሚጋራው የቤተሰብ ዓርማ የሚባል ነገር የለም። ይህን ለአማቴ ቅር በማያሰኝ አነጋገር አስረዳቻቸው። ከዚያ «በእርግጠኝነት ከምታውቁት ሰው እንጀምርና ወደ ኋላ አንድ አንድ እያልን እንሂድ» አለች።

አገሩ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በጥር 1 ቀን 1855 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ያለው በየሰበካው ቤተ ክርስቲያን የተያዘ የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ሲሆን፣ ከእነዚህ የመጀመሪያው በፐርዝሺር አውራጃ የኤሮል ሰበካ የ1553 መዝገብ ነው። ያገባች ሴት በመዝገቡ ላይ የአባቷ ስም አይጠፋባትም። የሞት መዝገቡም የሟቹን አባትና እናት ሁለቱንም ይጠራል። ሴቶቻችን ሲያገቡ የአባታቸውን ስም ስለማይለቁ ይህ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ለአጥኚዋ ግን በእናት በኩል ያለውን መንገድ ሁሉ የከፈተላት ይኸው ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው በ1855 በሰሜን ስኮትላንድ ሄልምስዴል በምትባል የባሕር ዳር መንደር የሞተች የአንዲት ሴት መዝገብ ነው። ለልጆቼ ሰባተኛ ቤት ናት። የዚያ ዓመት ቅጽ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው፤ የት ተወለደች፣ በአካባቢው ስንት ዓመት ኖረች፣ ማንን አገባች፣ ልጆቿ እነማን ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ የት ተቀበረች ብሎ ይጠይቃል። ለመዝጋቢዎቹ ሥራው ስለከበዳቸው በማግስቱ ዓመት ቅጹ አጠረ። የእኛዋ ሴት ግን በዚያ ዓመት ስላረፈች የልጆቿ ስም በሙሉ በተርታ ተጽፏል። ከመካከላቸው በሕፃንነቱ የሞተ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ አንድ ወንድ ልጅ አለ። ቃሉን የሰጠው ሌላው ልጇ መጻፍ ስለማይችል በፊርማው ፈንታ የመስቀል ምልክት አድርጓል። ባለሙያዋ ያንን ገጽ ስታሳየን ምልክቱን በጣቷ አልፋ አልሄደችም፤ ቆማ ዝም ብላ አሳየችን።

የትውልድ ቦታዋ ኪልዶናን ሸለቆ ተብሎ ተጽፏል። በ1813ና በ1819 ባለርስቶቹ መሬቱን ለበግ እርባታ ሲሉ ገበሬውን ያስነሡበት ቦታ ነው። ከተፈናቀሉት አንዳንዶቹ ወደ ካናዳ ሬድ ሪቨር ተሰደዱ፤ ሌሎቹ ባሕር ዳር ሰፍረው ሄሪንግ ዓሣ እንዲያጠምዱ ተደረገ። «ከሰሜን ነው የመጣነው» የሚለው ወሬ ይህን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

በዚያ አገር ማካይ፣ ሰዘርላንድና ገን የሚባሉ የአባት ስሞች ሞልተዋል። በዚያ ላይ እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል። ስለዚህ የአንድ ሰው የልጅ ልጆች አንድ ስም ይዘው በአንድ መንደር ይገኛሉ። አጥኚዋ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎችን በእናቶቻቸው ስም ለይታ አወጣቻቸው፤ የዓርማው ሻጭ ቢሆን ኖሮ አንዱን አንሥቶ ይሰጠን ነበር።

ከዚያ ቤተሰቡ ወደ ግላስጎው፣ ጎቫን ወደሚባለው የመርከብ መሥሪያ ሠፈር ይወርዳል። የ1891ዱ የሕዝብ ቆጠራ የቋንቋ ዓምድ አለው። ከአባትየው ስም ትይዩ ጌሊክ የሚባለውን የስኮትላንድ ነባር ቋንቋና እንግሊዝኛ እንደሚናገር ተመዝግቧል፤ የልጆቹ ቦታ ባዶ ነው። እኔ ግላስጎው ውስጥ አማርኛ ለልጆቼ ለማስተማር በየቀኑ የምታገል እናት ነኝና፣ ያንን ባዶ ዓምድ ሳይ እንባዬ መጣ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከባለቤቴ ሴት አያቶች አንዷ ከጋብቻ ውጭ ወልዳ በሰበካው ሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቀርባ ነበር። የክርስትና መዝገቡ የሕፃኑን አባት አይጠራም፤ ስሙ የተገኘው ከጉባኤው ቃለ ጉባኤ ነው። ባለሙያዋ ገጹን ከመላኳ በፊት አማቴ ዘንድ ደውላ «ልላክልዎ ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «ላኪው እንጂ፣ የእኛው ናት» አሉ። እንዲህ የሰው ክብር የሚጠብቅ ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

በመጨረሻ ከሄልምስዴሏ ሴት ወላጆች በላይ የሚያገናኝ ማስረጃ ሳይገኝ ቀረ። እኛ እንቀጥል አልን፤ እሷ ግን «ከዚህ በላይ ብጽፍላችሁ ግምት ነው፣ ለግምት ገንዘብ አልቀበልም» ብላ የተረፈውን ክፍያ መለሰችልን። ያስረከበችን ጥራዝ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የመዝገቡ ምስል አለ። ያልተረጋገጠውን «ያልተረጋገጠ» ብላ ጽፋበታለች።

ራሳችሁ መሞከር ለምትፈልጉ፦ የስኮትላንድ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባል ድረ ገጽ አለው። ማውጫውን መፈለግ በነጻ ነው፤ የመዝገብ ምስል ለማየት ግን ይከፈላል። ከ100 ዓመት ወዲህ የተወለዱ፣ ከ75 ወዲህ የተጋቡ፣ ከ50 ወዲህ የሞቱ ሰዎችን ምስል በድረ ገጹ ላይ አታገኙም፤ ለነሱ ኤድንብራ ያለው ማእከላቸው መሄድ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን በዕድሜ የገፉትን ዘመዶች አነጋግሩ፤ የድሮ ፎቶዎችን ጀርባና የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጾች እዩ። ባለሙያዋም መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጻፍኩትም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላት የምታውቁትን ስም፣ ቀንና ቦታ በአንድ ወረቀት አዘጋጅታችሁ ያዙ፤ የምታስከፍለው በሰዓት ስለሆነ ገንዘባችሁን ይቆጥብላችኋል። እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አማቴም ዓርማውን አውርደው በቦታው የሄልምስዴሏን ሴት መዝገብ እንደሰቀሉት ንገሪልኝ ብለውኛል።