ፕሪንተሩ የእኔ፣ ፈቃዱ የእነሱ

ከጥሩ ጎኑ ልጀምር። ይሄ ባለቀለም ፕሪንተር እንደ ማሽን አይታማም። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። «ጯ» እና «ኟ» ዓይነት የተጨናነቁ ፊደሎች እንኳ በትንሹ ሲታተሙ አይደፈኑም። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ስክሪን ላይ የሚያመልጠኝ ግድፈት ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ማሽኑ ወረቀት አይነክስም፣ ስካነሩም ፈጣን ነው። ሲገዙት ደግሞ ዋጋው አያስደነግጥም።

ታዲያ ለምን ሁለት ኮከብ ብቻ ሰጠሁት? የሠራው ኩባንያ ሸጦልኝ ስላልሄደ ነው። አሁንም ማሽኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዛል።

አብሮ የሚመጣው ቀለም «ማስጀመሪያ» ይባላል። ካርትሪጁ፣ ማለትም የቀለሙ መያዣ፣ ከውጭ ሲያዩት ከመደበኛው አይለይም። ውስጡ ያለው ቀለም ግን ያነሰ ነው። ተደብቋል አልልም፣ ካርቶኑ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ ደቃቅ ፊደል ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ አየሁት። ሌላው ሰው ቀለሙ ቶሎ ሲያልቅበት ነው የሚነቃው።

ማሽኑን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከቀለም መልቀም የቆየ የንግድ ዘዴ ነው። በራሱ አልቃወመውም፣ ገዢ አስልቶ ሊገባበት ይችላል። የሚያበሳጨኝ ሌላ ቦታ ሄዶ ቀለም መግዛት ሲከለከል ነው። ከልካዩ ደግሞ ካርትሪጁ ጎን ላይ የተለጠፈች ቺፕ ናት። ጥፍር የምታክል፣ ወርቃማ ነጥቦች የተደረደሩባት ነገር። ቀለሙ ወረቀት ላይ ሲያርፍ በጥራቱ ውስጥ እጇ የለበትም። ዋና ሥራዋ ለማሽኑ ማንነቷን መናገር ነው። ማሽኑ ካላወቃት አበቃ።

እኔ ጋ የሆነው ይሄ ነው። ሌላ አምራች የሠራው ካርትሪጅ ገዝቼ ገጠምኩ። አንድም እንከን አልነበረውም፣ ጥቁሩ ያው ጥቁር ነው። ከዚያ ማሽኑ ሳይጠይቀኝ በሌሊት አፕዴት አደረገ። ጠዋት ሳበራው ስክሪኑ ላይ «የተገጠመው ካርትሪጅ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ጠበቀኝ። ትናንት ማታ ሲያትምበት የነበረውን! አውጥቼ አየሁት፣ ግማሽ ያህል ቀለም አለው። መልሼ ገጠምኩት፣ ያው ነው።

የደንበኞች አገልግሎት ጋ ጻፍኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ ለተሻለ ጥራትና ደህንነት ኦሪጅናል ቀለም እንዲጠቀሙ እንመክራለን።» ካርትሪጁ ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅኩ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣ መልሶ ላከልኝ። በሠራተኛው አልፈርድም፣ የተሰጠውን ነው የሚያነበው።

ይሄ ነገር በእኔ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 13 ቀን 2016 ብዙ የኤችፒ ፕሪንተሮች በአንድ ቀን የሌላ አምራች ካርትሪጅ አንቀበልም አሉ። ትእዛዙ ቀደም ብሎ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሲጠብቅ ነበር። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው በደንብ አላስረዳንም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ እገዳውን የሚያነሳ ሶፍትዌርም አወጣ። አሠራሩ ግን ቀጠለ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የካኖን ታሪክ ነው። በ2022 መጀመሪያ ላይ ዓለም ላይ የቺፕ እጥረት ነበር። ካኖን ራሱ ለአንዳንድ ትልልቅ ማሽኖቹ ቺፕ የሌለው ቶነር (የሌዘር ማሽን የዱቄት ቀለም) ለመሸጥ ተገደደ። ማሽኖቹም የአባታቸውን ቶነር ኦሪጅናል አይደለም ብለው ማስጠንቀቅ ጀመሩ። ኩባንያው ጀርመን ላሉ ደንበኞቹ ማስጠንቀቂያውን እንዴት እንደሚያልፉት አስተማረ። የኅትመት ጥራቱ አይነካም፣ የቶነሩን መጠን መለካት ላይ ግን ችግር ሊኖር ይችላል አለ። ሳይደግስ አይጣላም! ስንት ዘመን ስለ ጥራት የተሰበከውን አንድ እጥረት አጋለጠው።

ወደ እኔው ልመለስ። ሰማያዊው ቀለም ያልቃል። እኔ የማትመው ጥቁር ብቻ ነው፣ ሰማያዊው የት ሄደ? ማሽኑ ቀለም የሚረጭበትን አፍንጫ ሲያጸዳ ከሁሉም ቀለም ይረጫል፣ አንዳንዴም ጥቁሩን ለማድመቅ ሌሎቹን ይቀላቅላል። ይሁን። ግን ሰማያዊው ሲያልቅ ጥቁርም አላትምም ይላል። ይባስ ብሎ ስካንም አላደርግም ይላል! የተፈረመ ውል ስካን አድርጌ መላክ ነበረብኝ። ስካን መስታወትና መብራት ነው፣ ጠብታ ቀለም አይፈልግም። በመጨረሻ በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁት። በዚሁ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ በ2021 ካኖን ተከሶ ነበር።

ወርሃዊ የቀለም ክፍያ የሚባለውንም ገብቼበት አውቃለሁ። በገጽ ብዛት ትከፍላላችሁ፣ ቀለሙን ይልኩላችኋል። ብዙ ለሚያትም ሰው ሒሳቡ ሊያዋጣ ይችላል። ግን ክፍያውን ስታቆሙ ማሽኑ ውስጥ ያለው ቀለም፣ ሙሉም ቢሆን፣ ይቆለፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ስትገቡ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ለመውጣት ግን «እርግጠኛ ነዎት?»፣ «የሚያጡትን ይመልከቱ»፣ «ለአንድ ወር ብቻ ቢያቆሙትስ?» እያለ ያንከራትታል። ሰው ሰልችቶት እንዲተወው ታስቦ የተሠራ ነው። በዚህ ዓይነት ነገር የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አማዞንን በ2023 ከሶ፣ በ2025 ኩባንያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017 በፕሪንተር አምራቹ በሌክስማርክ ጉዳይ ወስኗል። ኩባንያው ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ የፓተንት መብቱን ይዞ ሞላችሁት ብሎ መክሰስ አይችልም። ጥሩ ፍርድ ነው። ቺፗ ግን ፍርድ ቤት አትቆምም፣ ዝም ብላ ትዘጋለች።

ይሄን ማሽን መግዛት ያለበት ማነው? የኩባንያውን ቀለም ብቻ ልገዛ ተስማምቻለሁ የሚል ሰው ይግዛ፣ በኅትመቱ አይከፋም። ሌላው ግን ከማሽኑ ዋጋ በፊት የካርትሪጁን ዋጋና ስንት ገጽ እንደሚያትም ይይ። ከገዛችሁት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፉ። እኔ ከዋይፋይ አላቅቄ በኬብል ነው የማዘው።

ቀለም ከጠርሙስ የሚቀዳባቸው ባለታንክ ፕሪንተሮች ሲገዙ ይወደዳሉ፣ ለብዙ ኅትመት ግን ያዋጣሉ። እነሱም ትርፍ ቀለም የሚመጥ ስፖንጅ አላቸው፣ ሞላ ሲባል ማሽኑ ሊቆም ይችላል። ስፖንጁን ራሳችሁ መቀየር እንደምትችሉ ቀድማችሁ አረጋግጡ። እንደ እኔ ጽሑፍ ብቻ ለሚያትም ጥቁር ሌዘር ይሻላል፣ ቶነር ተቀምጦ አይደርቅም። ቶነሩ ቺፕ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ አላውቅም ካላችሁ ካርትሪጁን አስወጡትና ጎኑን እዩ።