ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቃችሁን የዲቲ ሻጭ ተጠንቀቁ

አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ደሴ ውስጥ በደላላ አማካይነት በ85,000 ብር የገዛኋት ሞተር ሳይክል በ12ኛው ቀን መንገድ ላይ ቀርታብኛለች። የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳክሬያለሁ፣ ቦሎዋም የታደሰ ነበር፤ የተታለልኩት ግን በወረቀት ሳይሆን በዘይት ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ድክመት ልናገር። አባቴ የግብርና ሠራተኛ በነበረበት ዘመን መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ዲቲ ነበር። ጠዋት ጠዋት የምትለቀው ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሲሞላው እናታችን በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ ትሰበስብ ነበር። ሦስት አራት ጊዜ ካልተረገጠች የማትነሣ፣ ዝናብ ከመታት ደግሞ ካንዴላዋ ተፈትቶ በጨርቅ ካልተጠረገ የምታኮርፍ ነበረች። ይህን ሁሉ ለሻጩ አወራሁለት። እርሱም በጥሞና አዳምጦኝ ሲያበቃ ከጠየቀው ዋጋ አንድ ብር እንኳ አልቀነሰም፤ ለምንስ ይቀንስልኛል?

የእርሱ ዲቲ በአንድ ርግጫ ተነሣች። ያረጀ ሞተር ጉዱ የሚወጣው በብርዱ ሲነሣ ነውና፣ ከመድረሴ በፊት አሙቆ እንደጠበቀኝ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ሲሊንደሩን በእጄ ዳስሼ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በገባኝ ነበር። ውሉን ስንፈርም የቤንዚን ታንከሯን ሞልቶ «ይህ የእኔ ስጦታ ነው» አለኝ፣ እኔም አመሰገንኩት።

ዲቲ ባለሁለት ምት ሞተር ስለሆነች ፒስተኗንና ክራንኳን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ነው። ያማሃ ይህን ዘይት ከተለየ ማጠራቀሚያ እየሳበ እንደ ሞተሩ ፍጥነትና እንደ ነዳጅ መስጫው መጠን የሚያደርስ ፓምፕ ሠርቶላታል። ፓምፑ ሲበላሽ ብዙዎች ይነቅሉትና ዘይቱን በእጅ ከቤንዚን ጋር ይቀላቅላሉ፤ ለገዢው ከተነገረው ይህ ነውር የለውም። የእኔው ሻጭ ግን ፓምፑን አስነቅሎ ቀዳዳውን ከደፈነ በኋላ የዘይት ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ ሞልቶ ተወው። የስጦታው ቤንዚን ቀድሞ በዘይት የተበረዘ ስለነበር በእርሱ በሰላም ነዳሁ፤ የዘይቱ ልክ አለመጉደሉንም አይቼ፣ ሞኝነቴን ይቅር በሉኝና፣ ዘይት የማትበላ ሞተር ሳይክል ገጠመችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከማደያ ዘይት ያልገባበት ንጹሕ ቤንዚን በቀዳሁ ማግስት ወደ ኩታበር በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ ድንገት ነክሶ ያዘና የኋላው ጎማ ተቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ባልጨብጥ ኖሮ ከመንገዱ መውጣቴ ነበር።

መካኒኩ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን ሲያነሣ ፒስተኑ በጭስ ማውጫው በኩል በቁሙ ተፋፍቆ አገኘነው። አናቱን በቤንዚን ስናጸዳው ደግሞ ሁለተኛው ጉድ ወጣ፦ 100 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። የዲቲ 125 ሲሊንደር ከፋብሪካው ሲወጣ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን በየሬቲፊካው፣ ማለትም ያለቀው የሲሊንደር ግድግዳ ተፍቆ በተስተካከለ ቁጥር፣ በሩብ በሩብ ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 100 ማለት አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ተፍቆ 57 ደርሷል፣ ከዚህ በላይ የሚገባ ፒስተን በቀላሉ አይገኝም ማለት ነው።

ስለዚህ ለመግዛት ስትሄዱ ሞተሩን ገና ሳያስነሡት ዳስሱት፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ። መካኒካችሁን ይዛችሁ የፓምፑን ክዳን አስከፍቱ፤ ነዳጅ መስጫው ሲጠመዘዝ የፓምፑ ገመድ አብሮ መሳብ አለበት። ስንት ጊዜ ሬቲፊካ እንደገባች ጠይቃችሁ መልሱን በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ገዢውም ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። የእኔ ውል ግን «ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ሐረግ ስላለበት ክርክሩ ከብዶኛል።

ሻጩ ስልክ አያነሣም። ደላላው ግን ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ ያንኑ ፒስተን በአሸዋ ወረቀት አስፍቀን፣ ቤንዚኑን በዘይት በርዘን ለሌላ ሰው እናሳልፋት የሚል ሐሳብ አቀረበልኝ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ያን ዕለት ነው።