ለሞተር ሳይክል የቱ አምፕ ይሻላል? መጀመሪያ ጌይኑን እይ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስትወጣ የሞተር ሳይክል ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚያታልል ይገባሃል። ኮምቦልቻ ላይ ቆመህ ስትሞክረው ጥርት ብሎ የዘፈነ ስፒከር፣ ዳገቱ ላይ ማርሚታውና ነፋሱ ሲበረቱበት አይሰማም። ትጨምራለህ። ትንሽ ሄደህ ደግሞ ትጨምራለህ። ከዚያ ድምፁ ማደጉን ያቆምና መሰንጠቅ ይጀምራል። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) አቃጥያለሁ። የገጠመልኝ ልጅ “አብሽር፣ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼልሃለሁ” ብሎ ነበር የሸኘኝ። የተበላሸውም እዚያው ላይ ነበር።

ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉትን ሦስት ዓይነት አምፖች (የድምፅ ማጉያዎች) በዋት አላወዳድራቸውም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ጌይኑን ራሴ ማስተካከል እችላለሁ ወይ?

ጌይን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ማስማሚያ ነው። አንዱ ማጫወቻ ለአምፑ 2 ቮልት ይልካል፣ ሌላው 4፣ የስልክ ጃክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1 ቮልት አይበልጥም። አምፑ የሚመጣለትን አውቆ በልኩ እንዲያጎላ የምትነግረው በጌይን ነው። 2 ቮልት እየመጣለት 0.2 እንደሚመጣ ከነገርከው አቅሙን አልፎ ሊያጎላ ይሞክራል። ባትሪው የማይሰጠውን ግን ከየት ያመጣል? የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። ጦሳን ከላይ በመጋዝ ቆርጠህ ሜዳ እንደማድረግ ነው። የተቆረጠ ሞገድ የስፒከሩን ኮይል (ውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል) ያግላል። ትርፍ ቀጭን ድምፅም ስለሚፈጥር ቀድሞ የሚሞተው ትዊተሩ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት መሪው ላይ የሚታሰረው፣ አምፑም ብሉቱዙም ስፒከሩም ባንድ የሆነው ነው። ሁለት ሽቦ ባትሪ ላይ አገናኝተህ ትሄዳለህ። ውሃ የማያስገባ ከሆነ ለደሴ ክረምት ይመቻል። ጌይን ግን የለውም፤ ፋብሪካው ከውስጥ የወሰነልህን ትቀበላለህ። በእጅህ ያለው የስልክህ ድምፅና የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ከመግዛትህ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ እስከ መጨረሻው ከፍተህ አንድ ሙሉ ዘፈን አጫውተው። ከተሰነጠቀ ምንም ማስተካከያ የለህም፣ መልሰው። ሰፈር ለሰፈር ለሚነዳ ይበቃል።

ሁለተኛው ወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ክላስ ዲ አምፕ ነው (ክላስ የአምፑ አሠራር ዓይነት ነው)፣ ስፒከሩ ለብቻው። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ከባትሪ የሚወስደውን ኃይል አብዛኛውን፣ 80 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ወደ ስፒከሩ ያደርሳል። ስትገዛ ግን ፊት ለፊቱ ላይ “ቮልዩም” የሚል ትልቅ ጉጥ ያለውን ከጌይን ካለው ለይ። ጉጡ እጅ ሥር ስላለ ሐረጎ ላይ እጅህ ዝም አይልም። እውነተኛው ጌይን በካቻቪቴ የሚዞር ትንሽ ነገር ነው። አንዴ ታስተካክለዋለህ፣ ከዚያ ትረሳዋለህ።

ሦስተኛው የመኪና ባለአራት ቻናል (አራት የስፒከር መውጫ ያለው) ትልቅ አምፕ ነው፣ ብዙ ጊዜ ክላስ ኤቢ። ድምፁ ያምራል፣ አልክድም። ጌይንም አለው። ችግሩ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ሙቀት ማድረጉ ነው። የመኪና ባትሪ 45፣ 60 አምፒር ሰዓት ነው። የትንሽ ሞተር ሳይክል ግን ከ5 እስከ 9 ነው፤ የፊት መብራቱም ብቻውን 35 ዋት ገደማ ይበላል። ቤዙ ሲመታ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ያኔ ጌይኑ ልክ ቢሆን እንኳ ሞገዱ ይቆረጣል። ለሞተር ሳይክል አልመክርም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን “1000 ዋት” እርሳው። አምፑ ላይ ያለውን ፊውዝ እይ። 10 አምፒር ከሆነ በ13 ቮልት ስታባዛው 130 ዋት ነው የሚገባው። ክላስ ዲ ከሆነ ወደ 100 ዋት ይወጣዋል፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ 70 ገደማ። ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ ፊውዙ አይዋሽም። (ፊውዝ አቃጥሎ ሽቦ የጠመዘዘበት ሰው ጋር ግን አትከራከር፣ ሽሽ።)

ጌይን ያለውን ከገዛህ ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። ቤዝ ቡስትና ኢኳላይዘር ይጥፉ። ጌይኑን ወደ ዜሮ አውርድ። ማጫወቻውን ከሙሉ ድምፁ አራት አምስተኛ ላይ አድርግ፣ 40 የሚቆጥር ከሆነ 32 ላይ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለህ ስፒከሩን ንቀልና የ1000 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ እያጫወትክ መውጫው ላይ ኤሲ ቮልት ለካ። አምፑ በቻናል በእውነት የሚሰጠውን ዋት በስፒከሩ ኦም አባዝተህ ካሬ ሥሩን ስትወስድ ማቆሚያህን ታገኛለህ። 25 ዋት በ4 ኦም 10 ቮልት ነው፤ ጌይኑን ቀስ እያልክ ጨምርና 10 ላይ ሲደርስ አቁም። ብዙዎች ነዳጅ ሰጥተው ያስተካክላሉ። እኔ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው) እያለ ነው የማደርገው፣ ምክንያቱም ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ስትቆም ቮልቴጁ የሚወርደው ያኔ ነው።

ቴስተር ከሌለህ በጆሮ ይሆናል፣ ግን በማሲንቆ አትሞክር። የማሲንቆ ድምፅ በተፈጥሮው ሻካራ ስለሆነ ስንጥቁን ይደብቅልሃል። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ዘፈንም አይሆንም፣ ስንጥቁ ከመጀመሪያው ዘፈኑ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጥራት ያለው የዋሽንት ቅጂ ፈልግ፤ አምባሰልም ይሁን ባቲ ግድ የለም። ዋሽንት ንጹሕ ስለሆነ ትንሽ ሲቆረጥ ወዲያው ትሰማዋለህ። ጌይኑን ቀስ እያልክ ጨምር፤ ሲሻክር ትንሽ መልስና ተወው።

እኔ ካስተካከልኩ በኋላ ከእህቴ የለመንኩትን ቀይ የጥፍር ቀለም ጌይኑ ላይ ጠብ አደረግኩበት። ሞተሩን የሚያጥብልኝ ልጅ “ይሄ ቀይ ምንድነው?” አለኝ። “አትንካ ማለት ነው” አልኩት።