በላስ ቬጋስ የቤት መዋኛ ገንዳ ላላችሁ ወገኖች፦ ስለ አንድ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሐምሌ አረንጓዴ ሆኖ የነበረውን የቤታችንን መዋኛ ገንዳ አጥርቶ፣ ከዚያም አልፎ እኔ ራሴ እንዴት እንደምይዘው በትዕግሥት ላስተማረኝ አንድ ወገናችን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው፤ እንደ እኔ የተቸገረ ሰው ካለም ወደ እርሱ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስሙንና ስልኩን በይፋ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ፍላጎቱን አክብሬያለሁ። የሚፈልገው ሰው ግን በውስጥ መልእክት ቢጽፍልኝ፣ በዚህ ፈቃዱን ስለሰጠኝ፣ አገናኘዋለሁ።

ገንዳችን ወደ 15,000 ጋሎን፣ በሊትር ወደ 57,000 የሚሆን ውኃ ይይዛል። ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ አያያዙን የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ የማውቀው ነገር ቢኖር ተንሳፋፊው ማስቀመጫ ውስጥ የክሎሪን ታብሌት ባዶ እንዳይሆን መጠበቅ ብቻ ነበር። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አራት ታብሌት ያህል እጨምር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን የገንዳው ግድግዳ ሲነኩት ማንሸራተት ጀመረ፤ ውኃው ደፈረሰ፤ ቀስ በቀስም አረንጓዴ መልክ ያዘ። የልጅ ልጆቼ የትምህርት ዕረፍታቸውን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ የሚመጡበት ሳምንት ደርሶ ነበርና ጭንቀቴ ቀላል አልነበረም። ውኃውን በጠርሙስ ቀድቼ ዕቃውን ወደምገዛበት መደብር ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ ክሎሪኑ በቂ እንደሆነ ተነግሮኝ፣ በእጄ የአልጌ፣ ማለትም ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ሽበት፣ ማጥፊያ ጠርሙስና ተጨማሪ ታብሌት ይዤ ተመለስኩ። ችግሩን እያባባሰው ያለው ራሱ ታብሌቱ መሆኑን ያን ጊዜ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ባለሙያውን ያገኘሁት በአንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ አማካይነት ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ስለ ዋጋ ስጠይቀው የመጀመሪያውን ጉብኝት ክፍያ በግልጽ ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ ሳልለካ ምንም ነገር አልጨምርም፤ ምንም ነገር ግዙ አልልዎትም» አለኝ። ከዚያም ክንዱን እስከ ክርኑ አጥልቆ፣ የተጣራው ውኃ ከሚመለስበት ቀዳዳ ራቅ ካለ ቦታ ቀዳ። በ10 ሚሊሊትር ውኃ ላይ ትንሽ ዱቄት ሲጨምርበት ውኃው ሮዝ ሆነ፤ ከዚያም ሌላ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ፣ ሮዙ ቀለም ጠፍቶ ውኃው እስኪጠራ ድረስ እኔ እንድቆጥር አደረገኝ። አሥር ጠብታ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ጠብታ ግማሽ ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ስለሆነ፣ ነጻ ክሎሪኑ፣ ማለትም ገና ሥራ ላይ ውሎ ያላለቀው ክሎሪን፣ 5 ፒፒኤም ነበር። መደብሩ ክሎሪኑ አለ ማለቱ ሐሰት አልነበረም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንኳ ስታቢላይዘር፣ ማለትም ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከላከል ማረጋጊያ፣ ላለበት ገንዳ የሚመክረው ዝቅተኛው መጠን 2 ፒፒኤም ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በሁለተኛው ምርመራ ነው። ስታቢላይዘር የሚባለው ማረጋጊያ፣ በኬሚካል ስሙ ሲያኑሪክ አሲድ፣ የሚለካው ውኃውን በሚያደፈርስ ፈሳሽ ነው፤ የደፈረሰው ውኃ ግርጌዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ወዳለባት ጠባብ ብልቃጥ ቀስ እየተባለ ይፈስሳል፤ ነጥቧ ከዓይን የምትጠፋበት መስመር ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል። ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ ብልቃጧን ወገቤ አጠገብ ይዤ ከላይ ወደ ታች እንድመለከት አደረገኝ። የእኛ ውኃ ገና 100 የሚለው የመጀመሪያ መስመር ላይ ሳይደርስ ነጥቧ ጠፋች። እርሱም በዚያ ሳይረካ የገንዳውን ውኃ ከቧንቧ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ እንደገና ለካ፤ አሁን ነጥቧ ልክ 100 ላይ ጠፋች። ውኃው በግማሽ ስለቀጠነ እውነተኛው ቁጥር እጥፉ፣ ወደ 200 የሚጠጋ ነበር። በአብዛኛው የሚመከረው ከ30 እስከ 50 ፒፒኤም ነው።

ማረጋጊያው ለምን እንደሚያስፈልግና ሲበዛ ለምን እንደሚጎዳ ያስረዳኝ በጋቢ መስሎ ነው። ማረጋጊያ የሌለው ክሎሪን በእንዲህ ያለ ፀሐይ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ያልቃል፤ ስለዚህ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከልል ጋቢ ያስፈልገዋል። «አንድ ጋቢ ከፀሐይ ያድናል፤ አሥር ጋቢ የተደራረበበት ሰው ግን እጁን አንሥቶ ሊሠራ አይችልም» አለኝ። ክሎሪኑ በብዛት ቢለካም ከማረጋጊያው ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ፣ አልጌንና ጀርምን የሚገድለው ክፍሉ በጣም ትንሽ ይሆናል። እርሱ የሚሠራበት ስሌት፣ አልጌ እንዳይበቅል ነጻ ክሎሪኑ ቢያንስ ከማረጋጊያው ሰባት ተኩል በመቶ መሆን አለበት የሚል ነው። በ200 ስናሰላው 15 ፒፒኤም ይመጣል፤ የእኛ ግን 5 ነበር። ያ ሁሉ የአልጌ ማጥፊያ ያልሠራበት ምክንያት በዚህች ቀላል ማባዛት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ማረጋጊያው ከየት እንደመጣም አብረን አሰላን። አንዱ ትልቅ ታብሌት 227 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲያኑሪክ አሲድ ነው። በእኛ ገንዳ መጠን አንድ ታብሌት ክሎሪኑን በ3.6 ፒፒኤም ሲያሳድግ ማረጋጊያውን ደግሞ በ2.2 ያሳድጋል። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል፤ ማረጋጊያው ግን በውኃው ውስጥ ይቀራል። በሳምንት አራት ታብሌት ወደ 9 ፒፒኤም ማለት ነው፤ ለሃያ ሳምንት ሲባዛ 180 ገደማ ይደርሳል። «ግን እኮ ውኃው እየጎደለ በየሳምንቱ እሞላበታለሁ፤ አይቀጥንም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ምላሹን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የሚተነው ውኃው ብቻ እንደሆነ፣ ማረጋጊያው ግን ወጥ ሲመጥጥ ጨው በድስቱ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ በገንዳው እንደሚቀር ነገረኝ። የሚቀንሰው ውኃው ራሱ ወጥቶ በአዲስ ሲተካ ነው። በዚህ በረሃ ከገንዳ የሚተነው ውኃ ብዙ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን እንደ እኔ እየሞላን ያቀጠንን እንደሚመስለን እገምታለሁ።

ገንዳውን በአንድ ጊዜ አራግፌ እንድገላገል ፈልጌ ነበር፤ እርሱ ግን አልተስማማም። ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ባዶ የቆመ ገንዳ ልስኑ ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሶ ክፍያውን መቀበል ይችል ነበር፤ እርሱ ግን የመረጠው ሦስት ሌሊት ነው። በእያንዳንዱ ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ ከውኃው አንድ ሦስተኛውን በፓምፕ ያወጣል፤ ሌሊቱን በቧንቧ ይሞላል፤ ጠዋት ውኃው ከተዋሐደ በኋላ ይለካል። ከ200 ወደ 130 ገደማ፣ ከዚያም ወደ 90፣ በሦስተኛው ወደ 60 ወረደ። የወጣውን ውኃ ወደ ጎዳና አልለቀቀውም፤ እኔ ባለሁበት አካባቢ ይህ የተከለከለ ነው። ቱቦውን በቤቱ አጠገብ ካለው የፍሳሽ መስመር መክፈቻ ጋር አገናኘው፤ በዚያ የሚሄደው ውኃ ተጣርቶ ወደ ሌክ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል። 60 ላይ ስንደርስ እኔ አራተኛ ሌሊት እንጨምር ብለው፣ እርሱ ለውኃው ሳሳ። ለዚህ ፀሐይ 60 እንደማይከፋ፣ ከእንግዲህ ታብሌት እስካልገባበት ድረስ በክረምቱ ዝናብና በማጣሪያው እጥበት በራሱ እንደሚወርድ፣ እስከዚያው ነጻ ክሎሪኑን ከ4.5 በታች እንዳላወርደው አስጠነቀቀኝ። ገንዘብ የሚያገኝበትን አንድ ሌሊት በገዛ ፈቃዱ መተዉን እኔ እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬዋለሁ።

አልጌውን ማጥፋቱ ከዚያ በኋላ አልከበደም። መጀመሪያ ፒኤቹን፣ ማለትም የውኃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር፣ ወደ 7.2 አወረደ፤ ቀጥሎም በፈሳሽ ክሎሪን መጠኑን ከፍ አድርጎ ለጥቂት ቀናት እንዳይወርድ እየጠበቀ ግድግዳውን በብሩሽ ፈገፈገ። ፈሳሽ ክሎሪን ማረጋጊያ የለበትም። መጨረሱን ያረጋገጠው ውኃው ስለጠራ ብቻ አልነበረም፤ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለክቶ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳታርፍበት እንደገና ለካ፤ በሌሊቱ የጎደለው ክሎሪን ከ1 ፒፒኤም በታች ሲሆን ብቻ «አሁን አልቋል» አለ። ልጆቹ ግን ከፍ ያለው ክሎሪን እስኪወርድ ድረስ እንዲጠብቁ አደረገ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጋራዥ ውስጥ የታብሌቱን ባልዲና ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለውን የዱቄት ክሎሪን ከረጢት ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሁለቱንም በአንድ የፕላስቲክ ማንኪያ ነበር የምሰፍረው። ማንኪያውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሁለቱ ከተገናኙ፣ በተለይ ትንሽ እርጥበት ካገኛቸው፣ እሳት ሊያስነሱና ሊፈነዱ እንደሚችሉ አስረዳኝ፤ ማንኪያውን አስወግዶ ባልዲውን በአንዱ ጥግ፣ ከረጢቱን በሌላው፣ ደረቅ በሆነ ቦታ እንዳስቀምጥ አደረገ። የልጅ ልጆቼ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ብስክሌታቸውን ያነሣሉ። ቤታችሁ ውስጥ ሁለቱ አብረው ካሉ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሄዳችሁ ለዩአቸው።

ከመሄዱ በፊት ከባዶ የታብሌት ካርቶን ላይ ቆርጦ፣ ባለቤቴም እንድታነበው ብሎ በአማርኛ የጻፈልን ማስታወሻ እስከ ዛሬ ከፓምፑ አጠገብ ተለጥፏል። «እትዬ፣ ማታ ማታ ግማሽ ጋሎን፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ውኃው በሚመለስበት በኩል» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ባለ 10 በመቶው ፈሳሽ ክሎሪን ግማሽ ጋሎን በእኛ ገንዳ ክሎሪኑን በ3.3 ያህል ያሳድጋል፤ በበጋ ቀን ፀሐይ የምትወስደውም ከዚያ አይርቅም። ከሥሩ ክሎሪኑንና ፒኤቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ስታቢላይዘሩን በወር አንድ ጊዜ እንድንለካ ጽፏል። ጠብታ የሚቆጠርበትን የመመርመሪያ ዕቃ ራሴ ገዛሁ፤ አሁን ቆጠራው የትልቁ የልጅ ልጄ ሥራ ሆኗል። በነሐሴም በመስከረምም ውኃው አልደፈረሰም፤ ስታቢላይዘሩም ከ60 አልወጣም።

ወንድሜ፣ ሥራህን በጥንቃቄ፣ ዋጋህን በግልጽነት፣ እውቀትህን ሳትሰስት ስለሰጠኸን እኔና ባለቤቴ ከልብ እናመሰግንሃለን። እጅህ ይባረክ፤ እንጀራህ ይስፋ።

ለምትፈልጉት ደግሞ አስቀድሜ ላስታውቅ የሚገባኝ፣ ይህ ሰው የውኃ ምርመራ፣ ማጽዳትና የውኃ መቀየር ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የተቃጠለ ፓምፕ ወይም የውኃ ማሞቂያ አይጠግንም፤ እሑድም አይሠራም። ስልክ ቶሎ ላያነሣ ይችላል፤ መልእክት ከተዉለት ግን በዚያው ቀን ማታ ይመልሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ወረፋው ረጅም ነው። ዓመቱን ሙሉ ታብሌት ስትጠቀሙ የቆያችሁ ሰዎች መጋቢት ሳያልቅ ብትጠሩት ይሻላል፤ ውኃ መቀየር ቢያስፈልግ እንኳ በዚያ ወቅት ሌሊት መጠበቅ ሳያስፈልግ በቀን መሥራት ይቻላል።