200 የተጻፈባት ትንሿ የብየዳ ኢንቨርተር፦ ለየትኛው ኤሌክትሮድ ስንት አምፒር?

ጅማ ውስጥ የትኛውም ብረት ቤት ብትገቡ አንዷን አታጡም። ትንሽ ሳጥን ናት፣ ፊቷ ላይ አንድ ማስተካከያና አንድ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት አላት፣ ጎኗ ላይ በትልቁ 200 ተጽፎባታል። የድሮውን ባለ መዳብ ትራንስፎርመር ሁለት ጎረምሳ ነበር የሚያነሳው፣ ይቺን ግን አንድ ልጅ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏት ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ሂርማታ መርካቶ ያሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች በየቀለሙ ደርድረዋታል። ስሟ ይለያያል፣ አሠራሯ ግን ያው ነው፣ ስለዚህ እዚህ የምለው ለአንዷ ብቻ አይደለም።

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአጥርና ለቀላል ጣሪያ ጎበዝ ማሽን ናት፣ ግዟት። ፊቷ ላይ ያለውን ቁጥር ግን እንዳለ አትመኑት። ከተማው ውስጥ የማያቸው አስቀያሚ ብየዳዎች አብዛኞቹ ከእጅ አይደሉም፣ አምፒር አለመምረጥ ያመጣቸው ናቸው። ይሄ ደግሞ ከልቤ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ሳንቲም ሳይወጣበት የሚስተካከል ነገር ነው።

እስቲ መጀመሪያ 200ውን እንየው። ሻጩ "ወንድሜ፣ 200 ናት፣ ያልበየደችው ብረት የለም" ይላችኋል። በ200 አምፒር ሲበየድ አርኩ (ከብየዳ ዘንጉ፣ ከኤሌክትሮዱ፣ ጫፍ ወደ ብረቱ የሚዘለው እሳት) ላይ 28 ቮልት ገደማ ይኖራል፣ ሁለቱ ሲባዙ 5.6 ኪሎ ዋት ነው። ማሽኗ ራሷ በሙቀት የምታባክነው ሲጨመርበት ከመስመሩ 7 ኪሎ ዋት አካባቢ ትስባለች፣ በ220 ቮልት ከ30 አምፒር በላይ ማለት ነው። የቤት ሶኬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ16 አምፒር የተሠራ ነው። ስለዚህ ማሽኗ 200 ብትችል እንኳ ቤታችሁ አይችልም። 100 አምፒር ላይ ስትሠሩ ግን የምትስበው 3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ እሱን ደህና ሽቦ ያለው መስመር ይሸከመዋል። እኔ እንግዲህ ይቺን ማሽን የማያት የ120 እና የ130 አምፒር ማሽን አድርጌ ነው፣ እንደዛ ከታየች ዋጋዋ ተገቢ ነው።

በዚያ ላይ መስኮቱ የሚያሳየው ቁጥርና ገመዱ ውስጥ የሚያልፈው አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ የያዝኳት 120 ስትል ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፒር የሚለካው) 100 አካባቢ ነው የሚያነበው። መለካት የምትፈልጉ ካላችሁ ከማሽኗ የሚወጣው ዲሲ ነውና ዲሲ የሚያነብ ክላምፕ መሆኑን አረጋግጡ፣ ተራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ክላምፕ ኤሲ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ምንም አያሳያችሁም። ሜትር ከሌላችሁም ችግር የለም፣ ብየዳው ራሱ ይናገራል፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መነሻው የኤሌክትሮዱ ውፍረት ነው። ብረቱ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን የሚለው ኤሌክትሮዱን ያስመርጣችኋል፣ ኤሌክትሮዱ ደግሞ አምፒሩን። እዚህ ሁሉም ሱቅ ያለው 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ነው። ባለ 2 ሚሊው ከ40 እስከ 60፣ ባለ 2.5ቱ ከ60 እስከ 90፣ ባለ 3.2ቱ ከ90 እስከ 130፣ ባለ 4ቱ ከ130 እስከ 180 ይፈልጋል። ፓኬቱ ላይ የራሱ ሠንጠረዥ ታትሞበታልና ከእኔ ቁጥር በላይ እሱን እመኑት፣ ፋብሪካው ነው የሚያውቀው። ፓኬቱ ተቀዶ ከጠፋ የኤሌክትሮዱን ውፍረት በሚሊ ሜትር በ40 አባዙት፣ ለ2.5 100፣ ለ3.2 128 ይሰጣችኋል። ያ ወደ ላይኛው ጫፍ ያደላ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ቀንሳችሁ ጀምሩ።

ከዚያ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ሞክሩ። የሥራው ብረት ላይ አይደለም፣ ያው ውፍረት ያለው ቁርጥራጭ ላይ። አምፒሩ ሲያንስ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ያስቸግራል፣ የተበየደው መስመር ጠባብና ወደ ላይ ያበጠ ሆኖ ብረቱ ላይ የተቀመጠ ብቻ ይሆናል፣ ጠርዙ ከብረቱ ጋር አይዋሃድም። ስላጉም (ከሽፋኑ ቀልጦ ብየዳው ላይ የሚደርቀው ቅርፊት) ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ በመዶሻ ብትቀጠቅጡት አይወጣም። ሲበዛ ደግሞ መስመሩ ሰፊና ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ግራና ቀኙ ይቦረቦራል፣ ፍንጥርጣሪው ዙሪያውን ይሞላል፣ ኤሌክትሮዱ ግማሹ ሳያልቅ ቀይ ሆኖ ሽፋኑ መርገፍ ይጀምራል። ልክ ሲሆን ሞገዱ እኩል እኩል ነው፣ ጠርዙ ለስልሶ ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ስላጉም ሲቀዘቅዝ በትንሽ ምት ረዥም ሆኖ ይነሳል። ድምፁም አለ፣ ዘይት ላይ የወደቀ ሽንኩርት ዓይነት ያልተቆራረጠ ጭስስታ። ጆሯችሁ አንዴ ከለመደው መስኮቱን ማየት ትተዋላችሁ። ይሄ ሁሉ ግን የኤሌክትሮዱን ጫፍ ከብረቱ ያራቃችሁት ኤሌክትሮዱ ውስጥ ባለው ሽቦ ውፍረት ያህል ብቻ ከሆነ ነው፣ ካራቃችሁት ትክክለኛው አምፒርም ይፈነጣጠራል፣ ያኔ ማስተካከያውን መነካካት ለውጥ አያመጣም።

ጅማ ውስጥ አብዛኛው ሥራ ቀጭን ነው፤ ኤልቲዜድ (የበርና የመስኮት ፍሬም ብረት)፣ ባለ 1.2 እና 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ የግቢ በር ላሜራ። እዚህ ላይ ነው ማሽኗን የወደድኳት። ትራንስፎርመሩ ዝቅ ሲል አርኩ ይጠፋ ነበር፣ ይቺ 50 አምፒር ላይ ሳትቆራረጥ ትነዳለች። ለቀጭን ብረት ባለ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ፈልጉ፣ ሁሉም ሱቅ ባይይዘውም መፈለጉ ያዋጣል። ከጠፋ ባለ 2.5ቱን 55 እና 60 ላይ አድርጉና ፒንሳውን (ኤሌክትሮዱን የሚይዘውን) ማሽኗ ላይ ወደ መቀነስ (-) ቀይሩት፣ 6013 በሁለቱም በኩል ይሠራል፣ በመቀነስ በኩል ሲሆን ደግሞ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ ላሜራው ቶሎ አይበሳም። ብዙ ልጆች ማሽኗን ገዝተው ገመዱን አንዴ ከሰኩት በኋላ እስክትሞት ነቅለው አይቀይሩትም። ቀዳዳ ከፍቶ መልሶ ከመድፈን ገመድ መቀየር ይቀላል!

ለጣሪያ ትራስ (ጣሪያውን ለሚሸከመው የብረት አጽም)፣ ለባለ 4 ሚሊ አንግል፣ ለኮለን እግር ባለ 3.2 በ110 አካባቢ ይበቃል፣ በእኔ ማሽን መስኮቱ ላይ 130 ማለት ነው። ቆሞ ወደ ላይ የሚበየድ ከሆነ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ቀንሱ፣ ካልሆነ የቀለጠው ወደ ታች ይንጠባጠባል።

አሁን ወደማልወድላት ነገር። የኢሱዙ ሻንሲ፣ ካሶኒ የሚሸከም መስቀለኛ፣ ወይም አጋሮና ሊሙ በኩል ካሉት የቡና ማጠቢያዎች የሚመጣ የተሰበረ ወፍራም ዘንግ ይዞ ሰው ሲመጣ ይቺን ማሽን ማውጣት ደስ አይለኝም። እንደዚህ ያለ ሥራ 7018 የሚባለውን ሌላ ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፣ ባለ 3.2ቱ ከ100 እስከ 150፣ ፒንሳው በመደመር በኩል። 7018 ለመነሳት ከፍ ያለ ቮልት ስለሚወድ ርካሾቹ ኢንቨርተሮች ላይ አርኩን ማስነሳት ትግል ነው፣ ከተነሳም መስመሩ ሲደክም ይጠፋል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ማሽንና ሦስት ፌዝ ያለው ቤት ፈልጉ፣ ደንበኛውንም እውነቱን ነግራችሁ ላኩት። ሻንሲ የሰው ነፍስ ነው።

መብራቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲያበራ ቮልቱ ይወርዳል፣ ጠዋት 80 ላይ ጥሩ የነበረው ማታ 80 ላይ ይጣበቅባችኋል። ብየዳችሁን ከጧት አድርጉት። ኤክስቴንሽኑም ይበላል፤ 30 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 20 አምፒር ሲያልፍበት ብቻውን 14 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ባለ 4 ካሬ ብትገዙ ማሽን የቀየራችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ደግሞ ጠምጥማችሁ እንደያዛችሁ አትሥሩበት፣ ይሞቅና ይቀልጣል።

እና እርጥበቱ። እዚህ አገር ዝናቡ ረዥም ነው፣ ሱቅ ውስጥ ፕላስቲኩ ተቀዶ የከረመ ኤሌክትሮድ እርጥበት ጠጥቶ ነው የሚቆየው። እንደዚህ ያለው ሲበየድ ይንጣጣል፣ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ሽፋኑ ይፈረፈራል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? አምፒር ይጨምራል። አይሠራም፣ ብረቱን ብቻ ያቃጥለዋል። 6013 ከሆነ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አድርቁት፣ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ይበቃዋል። 7018 ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ በቤት ምድጃ አይሆንም፣ ከነሙሉ ማሸጊያው ግዙትና በቀን የምትጨርሱትን ብቻ ክፈቱ። ስትገዙ ፓኬቱን ገልጣችሁ የሚያዘውን ራቁት ጫፍ እዩ፣ ዝገት ካለበት መልሱለት፣ ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ስለ ማሽኗ የቀረ ትንሽ አለ። ከውስጧ ያለው ማራገቢያ ያገኘውን ሁሉ ይስባል፣ ግራይንደር አጠገቧ ከሠራ የብረቱ ብናኝ ቦርዱ ላይ ሄዶ ይቀመጥና አንድ ቀን ያቃጥላታል። አርቃችሁ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጧት፣ ነቅላችሁም አልፎ አልፎ በኮምፕረሰር አራግፏት። የሙቀት መብራቷ ሲበራ አታጥፏት፣ ማራገቢያው እየሠራ ትቀዝቅዝ። አብረዋት የሚመጡት ገመዶች አጭርና ቀጭን ናቸው፣ የኧርዙ መቆንጠጫም ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ሲላላ አምፒሩ እዚያ ላይ ይቀራል። እነሱን መቀየር ከዋጋዋ ጋር ደምራችሁ አስቡት። በስጦታ የምትመጣውን የእጅ ማስክ ተዉት፣ 10 ቁጥር መስታወት ያለው ግዙ፣ ለረዳታችሁም እንዲሁ፣ በጥቁር የፀሐይ መነጽር የሚበይድ ልጅ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ለመግዛት ስትሄዱ 2.5 ኤሌክትሮድና ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ 60 ላይ ከዚያ 90 ላይ በይዱባት፣ በሁለቱ መሃል ልዩነት ካላያችሁ ማስተካከያዋ ለጌጥ ነው፣ ሌላ አምጣልኝ በሉት።